የእሁዱ ቁሌት፣ የጠርሙሱ ነጭ ሽንኩርትና የሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ

ጥያቄው ይሄ ነበር፦ «ሰላም፣ ባንክ ነው የምሰራው፣ ቤት ስገባ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ያልፋል፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። እሁድ እሁድ የሳምንቱን ቁሌት ሰርቼ ፍሪዘር ልከት አስቤያለሁ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልም ፈጭቼ በዘይት አድርጌ ጠርሙስ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ጀምሬያለሁ፣ ጎረቤቴ ይበላሻል ትላለች እኔ ግን ዘይቱ ያቆየዋል ብዬ ነው። ሱፐርማርኬት ደግሞ ድልህ፣ ኩብ፣ የጠርሙስ ነጭ ሽንኩርት፣ የቆርቆሮ ቦሎቄ ምናምን አለ፣ የቱ ብሩን ያህል ይጠቅማል የቱስ ብር ማባከን ነው? በዛ ላይ ሰፈራችን መብራት ይጠፋል።»

እህቴ ሰላም ላንቺም ለልጆችሽም። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን፣ መጀመሪያ ግን መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥሽውን የነጭ ሽንኩርት ጠርሙስ ዛሬውኑ ጣይው። ቀምሰሽ ለማየት አትሞክሪ፣ አሽትተሽም ደህና ነው አትበይ፣ ክዳኑን ሳትከፍቺ በፌስታል ቋጥረሽ ከቆሻሻው ጋር ላኪው። ጎረቤትሽ ልክ ናት፣ ቡና ጥሪያት።

ምክንያቱን ልንገርሽ፣ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ለአንድ ሳምንት ይተውና ተመልሶ ይሰራዋልና። ዘይት ነጭ ሽንኩርት አያቆይም፣ ዘይት የሚያደርገው አየር መዝጋት ብቻ ነው። አየር ስለሌለ ሻጋታ አይወጣበትም፣ አንቺም አይተሽ «ይኸው ምንም አልሆነም» ትያለሽ። ችግሩ ግን ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የምትባል አፈር ውስጥ የምትኖር ባክቴሪያ አለች፣ እሷ ደግሞ የምትፈልገው ልክ ይሄንኑ ነው፦ አየር የሌለበት፣ እርጥበት ያለው፣ ኮምጣጣ ያልሆነ፣ ሞቅ ያለ ቦታ። ነጭ ሽንኩርትም ዝንጅብልም ከአፈር ነው የሚወጡት፣ ምንም ብታጥቢያቸው ዘሯ ሊቀር ይችላል፣ ያ ዘር ደግሞ በተራ ፍላት አይሞትም። የምታወጣው መርዝ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም፣ ነርቭ ነው የሚያሽመደምደው፣ ዓይን ብዥ ማለት ምላስ መተሳሰር ብሎ ይጀምርና ትንፋሽ እስከማቆም ይደርሳል። በየቀኑ አይከሰትም፣ እውነት ነው፣ ግን ለሚጥሚጣ ማንኪያ የማታክል ነገር ብለሽ የልጆችሽን ምግብ ላይ አታስገቢው።

«እና እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ ነጭ ሽንኩርት ይጨምሩ የለ?» የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ ውሃ ነው። ቅቤ ሲነጠር ውሃው ተንኖ ያልቃል፣ ሽንኩርቱም ኮሰረቱም ኮረሪማውም ተጠልሎ ይወጣል፣ የሚቀረው ንጹህ ስብ ነው፣ ንጹህ ስብ ውስጥ ባክቴሪያ የሚጠጣው ውሃ የለም። አንቺ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ግን ጥሬ ሽንኩርት ነው፣ ውሃው ሁሉ ውስጡ ነው። ስለዚህ ንጥር ቅቤሽም ውስጥ የሽንኩርት ፍርፋሪ ከቀረ ፍሪጅ ይግባ።

ታዲያ ምን ላድርግ ካልሽ፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ፈጭተሽ በበረዶ መስሪያው ትሪ ጉድጓዶች ውስጥ በማንኪያ እየሞላሽ አቀዝቅዢው፣ ሲደርቅ አውጥተሽ ዚፕ ባለው ፌስታል ውስጥ አድርጊና ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ፣ ለወራት ይቆይልሻል። አንድ ፍሬ አንድ ወጥ ነው በቃ። ፌስታሉን ግን ሁለት ድርብ አድርጊው አለዚያ ልጆችሽ የሚበሉት አይስክሬም ዝንጅብል ዝንጅብል ይላቸዋል (በኔ ቤት የደረሰ ነው)። ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ከሆነ የምታቆዪው ቢበዛ 4 ቀን፣ ከዛ በላይ አትሂጂ። እና አንዳንዴ የተፈጨው ነጭ ሽንኩርት አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ይሆንብሻል፣ እሱ አያስደንግጥሽ፣ የራሱ የሽንኩርቱ ንጥረ ነገሮች ናቸው እርስ በርስ ሲገናኙ ቀለም የሚሰሩት፣ አይጎዳም።

የሱፐርማርኬቱ የጠርሙስ ነጭ ሽንኩርት ለምን አይበላሽም ታዲያ? ጀርባውን ገልብጠሽ አንብቢ፣ ሲትሪክ አሲድ የሚል ታገኛለሽ። ፋብሪካው አሲድ ጨምሮ ፒኤቹን (የኮምጣጣነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል) ከ4.6 በታች ያወርደዋል፣ እዛ ላይ ያቺ ባክቴሪያ አትበቅልም። እኔ ፋብሪካ የጥራት ክፍል ውስጥ ስሰራ ይሄን ቁጥር ቀን ከሌሊት ነው የምንለካው። ቤት ውስጥ ሎሚ ጠብ በማድረግ የሚሆን ነገር አይደለም፣ ምን ያህል እንደደረሰ በመሳሪያ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ምርቱ ደህና ነው ግን ለኔ ብሩን አያወጣም፣ ኮምጠጥ ይላል፣ ጠረኑም ራስሽ ልጠሽ ከምትፈጪው ነጭ ሽንኩርት ግማሹን አያህልም፣ ለማካሮኒ ስጎ ይሁን እንጂ ለክክ አልጫ አልመርጠውም።

አሁን ወደ ቁሌቱ። የኛ ምግብ ሰዓት የሚበላው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው «ወጥ ረጅም ሰዓት ይፈልጋል» ይላል፣ ምስር ክክ እኮ ሳይዘፈዘፍ ቶሎ ነው የሚበስለው፣ ሰዓቱን የሚፈልገው ሽንኩርቱ ነው። ከ100 ግራም ቀይ ሽንኩርት ውስጥ 89 ግራም ያህሉ ውሃ ነው፣ ድስቱ ላይ ቆመሽ የምታማስይው ያ ውሃ እስኪተን ነው እንግዲህ። ይሄ ከገባሽ የሚያፋጥነውም የሚያዘገየውም ነገር ሁሉ በራሱ ይገባሻል፦ ጠባብና ጥልቅ ድስት ያዘገያል፣ ሰፊ ድስት ያፋጥናል። ጨው ትንሽ መጀመሪያ ላይ ስትነሰንሺ ውሃውን ቶሎ ያስወጣዋል። መጀመሪያ 10 ደቂቃ ያህል ክደኚው በራሱ እንፋሎት ይለስልስ፣ ከዛ ክፈቺው እና ይተን። ዘይት መጀመሪያ ላይ አታድርጊ፣ እናቶች ሽንኩርት በደረቁ የሚያቁላሉት ዘይት ለመቆጠብ ብቻ መስሎሽ እንዳይሆን፣ ዘይት ቀድሞ ከገባ ሽንኩርቱ ሳይለሰልስ ጠርዝ ጠርዙ ይጠበስና ወጡ ውስጥ እንደ ፈትል ሆኖ ይቀራል። ቤኪንግ ሶዳ በጣት ቁንጥር ብትጨምሪ ቶሎ ይላላል፣ ቶሎም ይቀላል፣ ለጥብስ ሽንኩርት አልመክርም ይላሽቃል፣ ለቁሌት ግን መላሸቁን ነው የምንፈልገው። ከቁንጥር ካለፈ ሳሙና ሳሙና ይላል ደግሞ።

ብሌንደርን በተመለከተ፣ ውሃ ጨምረሽ አትፍጪው። ብሌንደር ሽንኩርቱን አድቅቆ ውስጡ ያለውን ኃይለኛ ጠረን ሁሉ ያወጣዋል፣ በዛ ላይ አሁን ስናስወጣው የነበረውን ውሃ አንቺ ራስሽ ጨመርሽበት ማለት ነው፣ ከመክተፍ ያተረፍሽውን ደቂቃ ድስቱ ላይ ትከፍይዋለሽ። እኔ አንዴ እንዲህ አድርጌ ለእናቴ ዶሮ ባቀርብ ቀምሳ «ይሄ ሽንኩርት መች ቁላላ፣ ተቀቀለ እንጂ» ብላኝ እስከዛሬ ቤተዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ይነሳብኛል። ቾፐሩን ተጠቀሚ፣ ጫን ለቀቅ ጫን ለቀቅ እያደረግሽ፣ ደቀቅ ሲል አቁሚ።

እሁድ የምትሰሪውን እንዲህ አድርጊው። 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በሁለት ሰፊ ድስት ከፍለሽ አቁላይው፣ ውሃው ሲያልቅና ወርቃማ ሲመስል ዘይት ጨምረሽ ትንሽ አብስይው፣ መጨረሻ ላይ 1 ኪሎ ገደማ ነው የሚሆንልሽ። እዚህ ላይ ግማሹን ሳይቀላ አንሺው! ብዙ ሴቶች ሁሉንም ቀይ ያደርጉና ሮብ ላይ አልጫ ሲያምራቸው እንደገና ሽንኩርት ይከትፋሉ። ነጩ ቁሌት ለአልጫም፣ ለጥብስም፣ ለሩዝም፣ ለፓስታም ይሆናል። የቀረው ግማሽ ላይ በርበሬውን ጨምሪ፣ ጠብ ጠብ እያደረግሽ በሙቅ ውሃ፣ እንዳያርርብሽ እሳቱን ቀንሰሽ፣ የበርበሬው ጥሬ ሽታ እስኪሄድ ድረስ። ቅቤ አታግቢበት፣ መከለሻም አታግቢበት። ቅቤ የገባበት ቁሌት ሮብና አርብ አይነካም፣ እኔ መጀመሪያ የሰራሁት ጊዜ ሁሉንም በቅቤ አርጌ ፍሪዘሬ ሙሉ ሆኖ አርብ ማታ ዳቦ በሻይ ነው የበላሁት። መከለሻው ደግሞ ጠረን ነው፣ ጠረን በሚወጣበት ቀን ነው የሚገባው፣ ድስቱ ሊወርድ ሲል።

ከዛ ማቀዝቀዙ ላይ አትቸኩይ አትዘግዪም። ትኩሱን ድስት እንዳለ ፍሪዘር ውስጥ ብትከቺው ሌላውን ምግብ ያሞቅብሻል፣ መሃሉ ራሱ ለሰዓታት ሙቅ ሆኖ ይቆያል፣ ባክቴሪያ የምትወደው ደግሞ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ያለውን ነው። ትልቅ ትሪ ላይ ስስ አርገሽ ዘርጊው፣ ሲበርድ በአንድ ወጥ መጠን እየሰፈርሽ ዚፕ ፌስታል ውስጥ አድርጊ፣ አየሩን አስወጥተሽ በእጅሽ ጠፍጥፈሽ እንደ ደብተር አስተኚው። ከምድጃ ወርዶ ፍሪዘር እስኪገባ 2 ሰዓት ባይሞላ። ጠፍጣፋ መሆኑ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ እንደ መጽሐፍ ይደረደራል፣ ማታ ስትገቢ ሰብረሽ ግማሹን ድስት ውስጥ ትጨምሪዋለሽ፣ ማቅለጥ የለ መጠበቅ የለ። ቀኑን በማርከር ጻፊበት፣ ካልጻፍሽ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድልሁ የቱ ቁሌቱ የቱ እንደሆነ አታውቂም።

ስለ ጥራጥሬ አንድ ነገር ካልነገርኩሽ ምላሼ ጎዶሎ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 አካባቢ ነው። ለዛ ነው ቦሎቄና ሽምብራ ቀኑን ሙሉ የሚንተከተከው፣ ዩቲዩብ ላይ «45 ደቂቃ» ብለውሽ አንቺ ሁለት ሰዓት የሚፈጅብሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። እሳት ብትጨምሪ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ ከ92 አያልፍም። እዚህ ከተማ ላይ ከሁሉም የወጥ ቤት ዕቃ ገንዘቡን ቶሎ የሚመልሰው ፕሬዠር ኩከር ነው ብዬ አምናለሁ፣ እንፋሎቱን አፍኖ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጥራጥሬ ሲሆን ግን ከግማሽ በላይ አትሙይው፣ አረፋው መተንፈሻውን ይደፍነዋል። ጎማዋንም አልፎ አልፎ እያወጣሽ እይ፣ ከተሰነጠቀች ቀይሪ። ቀይ ቦሎቄ ደግሞ አድሮ ይዘፍዘፍ፣ የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋ፣ በደንብ ይብሰል፣ በግማሽ የበሰለ ቀይ ቦሎቄ በተፈጥሮው ባለው ነገር ያስታውካል፣ ሰው ግን «ጨጓራዬ ነው» እያለ ነው የሚያልፈው። ቲማቲምና ሎሚ ቦሎቄው ከበሰለ በኋላ ይግባ፣ ኮምጣጣ ነገር ያደርቀዋል፤ ጨው ግን ምንም አያረገውም፣ እሱ ወሬ ነው።

ስለዚህ የቆርቆሮ ቦሎቄና ሽምብራ? እንግዳ ድንገት ሲመጣ አንድ ሁለት ቆርቆሮ ይኑርሽ፣ ታጥቦ ይበላል፣ ደህና ነው። ለዕለት ዕለት ግን አንድ ኪሎ ራስሽ ቀቅለሽ ከፋፍለሽ ብታቀዘቅዢው ዋጋው አይገናኝም። ያበጠ ቆርቆሮ፣ መገጣጠሚያው ላይ የተጨረመተ ቆርቆሮ በቅናሽ ቢሰጡሽም አትውሰጂ፣ ምክንያቱ ያው ከላይ ያልኳት ባክቴሪያ ናት።

የቲማቲም ድልህ ግን ግዢ፣ ሳታቅማሚ። መርቲም ይሁን ሌላ፣ ፋብሪካ ቲማቲሙን ባነሰ ሙቀት ውሃውን አውጥቶ የሚያጠራቅመውን ያህል አንቺ በድስት ብታማስይ ጋዙም ሰዓትሽም ያልቃል። ስትገዢ ጀርባው ላይ ቲማቲምና ቢበዛ ጨው የሚለውን ምረጪ፣ ስታርችና ቀለም የገባበት ርካሽ ነገር አለ ወጡ ውስጥ እንደ አጥሚት የሚያልመጠምጥ። ከተከፈተ በኋላ ቆርቆሮው ውስጥ አትተይው፣ ወደ ብርጭቆ ዕቃ ገልብጪ፣ የተረፈውን ደግሞ እንደ ነጭ ሽንኩርቱ በማንኪያ በማንኪያ አቀዝቅዢ።

ኩብ ላይ ሁለት ጎራ አለ፣ መርዝ ነው የሚል አለ ያለሱ ወጥ አይሰራም የሚል አለ። ውስጡ ያለው ሞኖሶዲየም ግሉታሜት የሚባለው ማጣፈጫ የሚያስፈራሽ ከሆነ አትፍሪው፣ ግሉታሜት ቲማቲም ውስጥም በተፈጥሮ አለ። የኔ ቅሬታ ጨው ነው። የ10 ግራም አንዱ ኩብ ግማሽ ገደማው ጨው ነው፣ 5 ግራም ማለት ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፣ የምንበላው በርበሬና ሽሮ ራሱ ጨው ያለው ሆኖ ሳለ። ከተጠቀምሽ ጨውሽን ትተሽ ተጠቀሚ፣ በላዩ ላይ አትደርቢበት። ለጿሚ ደግሞ፣ የዶሮና የበሬ ኩብ ብዙ ጊዜ የእንስሳ ስብ ወይም የስጋ ውጤት አለበት፣ የአትክልት የሚባለውም ላይ አንዳንዴ ወተት ይገኛልና ጀርባውን ሳታነቢ ሽሮ ላይ አትፍርፍሪ።

ዝግጁ ምጥን ሽሮና የታሸገ በርበሬ፣ ከምታውቂው ሰው ወይም ራስሽ አስፈጭተሽ ካገኘሽ እሱን የሚያህል የለም፣ ጊዜ ከሌለሽ ግን የታሸገውን ብትገዢ ማንም አይፈርድብሽም። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ተቀላቅሎ ተያዘ የሚለውን ዜና ሰምተሻል፣ በብርጭቆ ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ነስንሺ፣ በርበሬው ላይ ላዩን ይቆያል፣ አፈርና ሸክላ ወዲያው ወርዶ ታች ይተኛል፣ በጣትሽ ስትፈትጊው እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ሻጋታ የነካው በርበሬ ከሆነ ደግሞ መልሰሽ በማመስ አይድንም፣ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በምጣድ ሙቀት አይጠፋም። የወር የወሩን ትንሽ ዕቃ ላይ አውጪ፣ ዋናውን አየር በማያስገባ ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ፣ እርጥብ ማንኪያ አታስገቢበት። ሽሮ ሲጓጎልብሽ ደግሞ ቀድመሽ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ ጨምሪው፣ የፈላ ውሃ ሲነካው ላዩ ወዲያው ይበስልና ውስጡን ደረቅ አድርጎ ይዘጋዋል፣ ጉብጉቡ እሱ ነው።

እንጀራ አልጠየቅሽም ግን ላንሳው፣ ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጪ። ስታርች የሚደርቀው ይበልጥ የፍሪጅ ቅዝቃዜ ላይ ነው፣ ለዛ ነው ፍሪጅ ያደረ እንጀራ የሚሰባበረው። ወይ ውጭ በሞሶብ ለ3 ቀን፣ ወይ በየመሃሉ ፕላስቲክ እያደረግሽ ቀጥታ ፍሪዘር፣ ውጭ ያሉት አበሾች እንደሚያደርጉት።

የማለቂያ ቀን ላይ ተጠንቀቂ፣ ከዱባይ የመጣው በፈረንጆች ነው፣ ከሀገር ውስጥ ምርቶች በኛ አቆጣጠር የሚያትሙ አሉ። በኛ አቆጣጠር የተጻፈውን ዓመት በፈረንጅ አንብበሽ ደህናውን ምርት ልትጥይ ትችያለሽ፣ እሱ ገንዘብ ብቻ ነው፣ ግን ወርና ቀኑ ተገላብጦ የተጻፈም አለ፣ በፈረንጆቹ 05/11 ሜይ ይሁን ኖቬምበር አታውቂውም፣ ካልገባሽ ሻጩን ጠይቂ።

መብራቱ፣ የመጨረሻው። መብራት ሲሄድ ፍሪዘሩን አትክፈቺው። ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር ሳይከፈት 48 ሰዓት ያህል ይይዛል፣ ግማሽ ከሆነ 24፣ ፍሪጁ ግን 4 ሰዓት ነው። ባዶ ቦታ ካለ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ደርድሪበት፣ አፉ ድረስ አትሙይው ሲቀዘቅዝ ያብጣል። መስሪያ ቤት ሆነሽ ጠፍቶ እንደነበር እንዴት ታውቂያለሽ? ስኒ ላይ ውሃ አቀዝቅዢ፣ በረዶ ሲሆን ላዩ ላይ የ1 ብር ሳንቲም አስቀምጪና እዛው ፍሪዘር ውስጥ ተይው። ማታ ስትገቢ ሳንቲሙ ላይ ላዩ ካለ ምንም አልሆነም። ትንሽ ሰምጦ ከሆነ ጥቂት ቀልጦ ተመልሷል፣ ቁሌቱን እሱኑ ማታ ወይ ነገ አብስለሽ ጨርሺው። ሳንቲሙ ስኒው ታች ከተገኘ ግን ሁሉም ቀልጦ እንደገና ቀዝቅዟል፣ ለስንት ሰዓት ሞቆ እንደቆየ ስለማታውቂ ስጋውን መጀመሪያ፣ ከዛ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ከዛ ቁሌቱን አውጥተሽ ጣይ፣ የተለቀመ ደረቅ በርበሬውና ሽሮው ብቻ ይቆዩ።